በፍሊት የተቀባችው ቮልስ

አባቴ ዘመናቸውን በሹፍርና የጨረሱ ሰው ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የቀረቻቸው ንብረት አንዲት አሮጌ ቮልስ ናት። ሞተሯ ደህና ነው፤ አካሏ ግን ከመዛጓ ብዛት የተደገፋት ሁሉ ልብሱ ቀይ ሆኖ ይሄዳል። የታናሽ እህቴ ኒካህ ሲቃረብ ሙሽራው ከመሥሪያ ቤቱ መኪና እንደሚያስፈቅድ ላከብን። እህቴ አሻፈረኝ አለች።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ። ከአባቴ ቤት በአባቴ መኪና ነው የምወጣ።»

አባባ ዝገቷን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረጉ። በዚያች ዝገት በዘመድ ፊት መታየት እንዳሳፈራቸው ገባኝና «እኔ እቀባታለሁ» አልኩ።

«ወላሂ፣ ሴት ልጅ መኪና ስትቀባ አልሰማሁም» አሉ።

እኔ ደግሞ አትችይም ካሉኝ እልኬ ይነሣል።

የደሴን ፒያሳ ዞሬ ያገኘሁት አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው፤ በደርግ ጊዜ ቀለም አማርጦ የሚገዛ ማን ነበር? መርጫ ስላልነበረን ትኋን የምናጠፋበትን የፍሊት ፓምፕ አጠብኩ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ስርጉዱን በስቱኮ ሞላሁ፣ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኜ በአሮጌ ሻሽ አጠለልኩና ግቢያችን ውስጥ መርጨት ጀመርኩ። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ እያሉ «ምነው፣ ቮልሷን ቁንጫ ያዛት እንዴ?» ይሉኛል።

የደሴን ጉም ግን ረስቼው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞላው፤ ያልደረቀው ቀለም ወተት የተደፋበት መሰለ። ማልቀስ አማረኝ። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ለአንድ ዙር ቢበቃ ነው።

አባባ ቁልፋቸውን አነሡ። «ኮምቦልቻ ፀሐይ አለ። አክስትሽ ግቢ እንውረድ።»

ዥንጉርጉሯን ቮልስ በፒያሳ መሐል ነዷት። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠው መንገዳቸውን ያያሉ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን።

አክስቴ ግቢ የነጣውን ፈግፍጌ የቀረውን ቀለም እስከ ጠብታው ጨረስኩት። ቮልሷ በፀሐዩ ስታብረቀርቅ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል የኮራሁበት የለም። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ግን አባባ በሹፌሩ በር ላይ ሙሉ መዳፋቸውን አሳርፈዋል። ሲያነሡት አምስት ጣታቸው ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

«አባባ፣ ምን አደረጉ?» ብዬ ጮህኩ።

«የደረቀ መስሎኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። መዳፋቸው ሰማያዊ ሆኗል። «እጄ አላስቀምጥ አለኝ።»

ማረሚያ ቀለም ከየት ይምጣ? እስከ ኒካሁ ድረስ አኮረፍኳቸው።

በኒካሁ ቀን እህቴ አምራ ወጥታ ቮልሷ ውስጥ ገባች። ከሙሽራው ወገን የመጡ አንድ ሽማግሌ መኪናዋን እየዞሩ አይተው «ማሻ አላህ፤ የት ጋራዥ ነው ያስቀቧት?» ብለው አባባን ጠየቁ። የሹፌሩን በር እንዳያዩት በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ።

አባባ ግን ራሳቸው ወደ በሩ ሄዱ። መዳፋቸውን ዘርግተው በታተመው ቦታ ላይ ገጠሙት።

«ጋራዥ አልገባችም» አሉ። «ሥራው ሁሉ የትልቋ ልጄ ነው። የእኔ ይቺ ብቻ ናት።»