በጣቢያ የተሰጠ የቃል ፈተና

የፖሊስ ጣቢያው ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ተማሪዬን ነው። የቦንጋ ዝናብ ሰሞኑን አላባራ ብሎ ግድግዳው ረጥቧል፤ ልጁ እግሩን ሰብስቦ ሥሩ ተቀምጧል። እኔን ያመጣኝ በስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው፤ እሱን ደግሞ ፌስቡክ ላይ የጻፈው።

“መምህር፣ እርስዎም?” አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ልጁን ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ አስተምረው ነበር። አንደኛው ደረጃ ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ገበያና መንገድ መጠየቅ። ሦስተኛው ላይ ተማሪው ስለ ገዛ ሕይወቱ፣ ወረቀት ሳይዝ፣ መምህሩ ፊት ይናገራል። የዚያ ፈተና ቀን እኔ በገባሁበት ማግስት ነበር። ያንን ያላለፈ አይመረቅም።

ጠዋት ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ፊቴ ቆመ። “እዚሁ ይፈትኑኝ” አለኝ።

ጠባቂው በማይሰማው ቋንቋ ማውራት ክልክል ነበር። ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የዋጫ ከተማ ነጋዴ ነበሩ። ወደ በሩ ጠጋ ብለው ጠባቂውን አነጋገሩት።

“ልጁ ፈተና አለበት። እሱ ያለውን ሁሉ መምህሩ በአማርኛ ይነግሩሃል። ካልጣመህ ታስቆማለህ።”

ጠባቂው ወንበሩን ወደ በሩ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። ፈቃድ ነው ብለን ወሰድነው።

ልጁ ስላደገበት ስለ ቢታ ገነት ተናገረ። አባቱ ማር ሊቆርጡ ዛፍ ላይ ሲወጡ እሱ ከታች ሆኖ እንዴት እንደሚፈራ፣ ሲወርዱ ግን እንዳልፈራ እንደሚያስመስል። እኔ ጮክ ብዬ በአማርኛ እደግመዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ወሬ ቆመ። እሱ ሳይደናቀፍ ተናገረ፤ ስተረጉም የተደናቀፍኩት እኔ ነኝ። ሲጨርስ ተነስቼ ጨበጥኩት። “አልፈሃል” አልኩት። ካቦው “እንኳን ደስ ያለህ፣ የኔ ልጅ” ብለው ከስንቃቸው ዳቦ ቆረሱለት።

ከተፈታን በኋላ ዲፓርትመንቱ ፈተናውን አልቆጠረውም። “በአዳራሽ ይድገም” ተባለ። ደንብ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ልጁ ግን አሻፈረኝ አለ። ለመንኩት፤ ሽማግሌም ላክሁበት።

“መምህር፣ አልፈሃል ብለውኛል እኮ” አለኝ። “አሁን ልድገም ካልኩ፣ ያን ቀን ምን ሠራን ልበል?”

ሳይመረቅ ቀረ። ዛሬ ሺሺንዳ ከተማ ኮረሪማ ይነግዳል። ኑሮው ክፉ አይደለም፤ ባገኘኝ ቁጥር ሻይ ይጋብዘኛል። እኔን ግን ይቆጨኛል። ምነው ያን ጠዋት “ጎበዝ፤ ስንወጣ ደግሞ ትፈተናለህ” ባልኩት እላለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ደግሞስ እንዴት ብዬ እለዋለሁ? ልጁ አልፎ ነበር።