ብቻዋን የገባችበት ምርጫ

ሰፈሩ ጋሽ መርፌ ይለዋል፤ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ ዓይኗ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፏል። ይሁንና ሱቁ ውስጥ አዝራሩን በጣቷ እየለየች የምታቀብለው፣ የሱ ዓይን ሲደክም የመርፌውን ቀዳዳ በምላሷ ጫፍ ፈልጋ ክር የምታስገባለት እሷ ናት። እሱ ግን መሪዋ እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ወንድ አይደል!

ምርጫ በመጣ ቁጥር አብሯት ይገባል። ከመጋረጃው ጀርባ የምትፈልገውን በጆሮው ትነግረዋለች፣ እሱ ምልክት ያደርግላታል። ባለፈው ግን ጉድ ሠራ። «ከላይ የመጀመሪያውን» አለችው። እሱ ያንን ሰውዬ ዓይኑን ማየት አይወድም፤ ከታች የመጨረሻው ላይ ምልክት አድርጎ፣ አጣጥፎ ሰጣት። እሷም በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። አምስት ዓመት ሙሉ ይሄ ነገር ሆዱን ሲበላው ኖረ። ሊነግራት አፉን ይከፍትና ስለ አዝራር ያወራል። በዚህኛው ምርጫ ያለችኝን አድርጌ እክሳታለሁ ብሎ ቀን ይቆጥር ነበር፣ ምስኪን።

ዘንድሮ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ማዕከላዊ መንግሥቱ፣ ዓይነ ስውር መራጭ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን የምርጫ ወረቀቱ ላይ ደርቦ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ብቻውን ይምረጥ አለ። ክልሉ ደግሞ፣ ምርጫው የሚካሄደው እኛ ዘንድ ነው፣ ደንቡም የኛ ነው፣ እንደ ድሮው ዘመድ ይግባ አለ። ማዕከሉ፣ የሚመረጡት ለአገሪቱ ፓርላማ ነው፣ እናንተን ምን አገባችሁ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ለፖለቲካ ደንታ ያልነበረው ጋሽ መርፌ ሬዲዮኑን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ክልሉ እንዲረታ ጸለየ። ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ማዕከሉ ረታ።

«እሰይ» አለች ሚስቱ፣ አሮጌ እጅጌ እየተረተረች።

እሱ ሬዲዮኑን ዘጋው።

በምርጫው ቀን አስመራጯ ካርቶኑን ለሚስቱ ሰጠቻትና ወደ እሱ ዞረች። «እርስዎ እዚህ ይጠብቁ» አለችው። መጋረጃው ተዘጋ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሚስቱ ቆየች፤ ኧረ በጣም ቆየች። ስትወጣ ፊቷ በርቷል፤ እንዲህ ሆና ካያት ስንት ዘመኑ! ደስ አለው።

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ክንዱን እንደያዘች፣ አላስችል አለው።

«የኔ እናት፣ ባለፈው ያልሽኝን አላደረግኩም።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ከላይ ብዬህ እስክሪብቶው ከታች ሲጭር ሰምቻለሁ።»

ባለበት ቆመ። «ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ብቀየምህ በሚቀጥለው ከማን ጋር ልገባ?»

እሷ ክንዱን ጎተት አድርጋ መንገዱን አስቀጠለችው።

«ዛሬ ግን ብቻዬን ገባሁ። አሁን መቀየም እችላለሁ» አለችና፣ ክንዱን ሳትለቅ፣ እስከ ቤት ድረስ ተቀየመችው።