እናቴ ያለችበት ዘፈን

ባለፈው ክረምት ሞጣ ላይ፣ ከገበያ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ በባጃጅ ስሄድ፣ ሾፌሩ ከፍላሽ የከፈተው ዘፈን ከወንበሬ ሊጥለኝ ምንም አልቀረው። ዘፈኑ የድሮ የፈረንጅ ዘፈን ነው፤ እኛ ቢቸና ልጆች ሳለን ያበድንለት፣ መጀመሪያ ጊታሩ ለብቻው እያለቃቀሰ የሚገባ፣ ከዚያ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰውዬ ቀስ ብሎ የሚጀምረው፣ ከበሮው ሲደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ የሚልለት። የሽንኩርት ፌስታሌን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አብሬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ሁለተኛው አዝማች ሊያልቅ ሲል ግን እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ጠበቅኩ፤ እናቴ የምትናገርበት ቦታ ነዋ። እናቴ አልተናገረችም። ሰውዬው ምንም እንዳልተፈጠረ ዘፈኑን ቀጠለ፤ ይባስ ብሎ በዕድሜዬ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ሙሉ ግጥም ዘፈነ።

ክው አልኩ። ሾፌሩን፣ አቁም እስኪ፣ ይሄ ዘፈን የጎደለው ነገር አለ አልኩት። እሱም በመስታወት እያየኝ፣ "ኧረ ሙሉ ነው ሲስተር፣ ኦሪጅናሉ ነው" አለኝ፤ አነጋገሩ ለታመመ ሰው እንደሚያወሩት ዓይነት ነበር። እውነቱን ነው፣ ሙሉ ነበር። ጎደሎውን ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ወርጄ ሒሳቡን እንደሰጠሁት፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ አንድም ቀን አስቤው የማላውቀው ነገር ድንገት ገባኝ፦ የእናቴ ድምፅ ልጆች ሳለን ከቀዳነው ከዚያ ካሴት በስተቀር በዚህ ምድር ላይ የትም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት ታላቅ ወንድሜ አዲሱ ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር፤ እኔ ወንድምአለም ነው የምለው። አባታችን እህል ነጋዴ ነበሩ፤ መዝሙር ይሰሙበታል ተብሎ የተገዛ አንድ ቴፕ ቤታችን አለ፤ የፈረንጁን ዘፈን ያመጣልን ራዲዮ ግን የእኛ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው፣ ከሐረር ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ የጀማል ነበር። ጀማል ሁልጊዜ እሁድ ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑን ያውሰናል፤ በዚያ ሰዓት አንድ የውጭ ሙዚቃ ፕሮግራም አለ፤ ወንድሜም ለዚያች ሰዓት ሲል ሳምንቱን ሙሉ ባትሪ ድንጋዩን ጣሪያ ላይ በፀሐይ እያሞቀ ይሰነብታል።

ራዲዮንና ቴፕን የሚያገናኝ ገመድ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ አዲሱ ሁለቱን ገበጣ እንደሚጫወቱ ሽማግሌዎች ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጣቸውና፣ ሁለቱን የመቅጃ ቁልፎች በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አቅራቢው አውርቶ እስኪጨርስ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ቤቱ በሙሉ ጸጥ ማለት አለበት። ዶሮዎቹ ይባረራሉ፤ አባባ ሳላቸውን ይዘው ደጅ ይወጣሉ፤ ሲወጡም፣ ወጣትነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ፣ ይሄ ጩኸት ሰሙም ወርቁም የለውም እያሉ ነው። እኔ ድመቷን ታቅፌ ጥግ እቀመጣለሁ። እንዲህ አድርገን የቀዳናቸው ዘፈኖች ነበሩ ነፍሳችን፤ ያቺ ድምፅዋን ወደ ላይ እየሰቀለች እየሰቀለች ሰው የምታስጨንቀው ሴትዮ፣ እነዚያ ፀጉራቸውን መሐል ለመሐል ከፍለው ባንድ ላይ የሚለማመጡት ወጣቶች፣ ደግሞ ያ ጉሮሮው የቆሰለ የሚመስለው ሮከኛ። ምን እንደሚሉ አናውቅም፤ ግን ስንት አልቅሰንባቸዋል መሰላችሁ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። እናና ነው የምንላት፤ የምትለቅመውን ምስር ሳይቀር እየመከረች የምትለቅም ሴት ናት፤ ዝም በይ ማለት ለእሷ አትተንፍሺ ማለት ነው። ስለ ልጇ ስትል ግን ያችን ሰዓት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ዓይኖቿ ብቻ ያወራሉ።

ያ ጎርናና ሰውዬ በተቀዳበት ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ደጃችን ላይ ታልፋለች። ቢቸና ውስጥ ከነጋ እስኪመሽ ድምፅዋ የሚሰማ የሴት ቤት በእሁድ ቀን ጭር ካለ፣ ያለው ምክንያት አንድ ነው። በበሩ ብታይ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ጠረጴዛ ከበናል፤ የሚሰማው የሚያለቃቅስ ጊታር ነው። ምን ትጠብቃለች ታዲያ፣ ደረቷን እየመታች ማን ሞተብሽ ብላ ዘው አለች። እናቴም አፏ ላይ ያለውን ነጠላ አንስታ፣ ከእትዬ ውዴ ሁለት እጥፍ በሚበልጥ ድምፅ፣ "ኧረ ዝም በይ ሴትዮ፣ ልጄ እየቀዳ ነው!" አለች። ከዚያ በኋላ በእሷ ቤት ማንሾካሾኳ ነው፤ ማንም አልሞተም፣ ተቀመጪ፣ ከቆሎው ቆንጠሪ፣ እያለች፣ ቀጥላም ሳቋን ለመያዝ ስትታገል እንደ ጀበና እየተንፈቀፈቀች፣ አንድ ግጥም ሙሉ በሙሉ ሄደ። አዲሱ ቁልፉን ቢለቅ የቀረው ዘፈን ሊያመልጠው ነው፤ ባይለቅ ይሄው ነው። እንባውን እያወረደ እስከ መጨረሻው ቀዳው።

ማታ ስናዳምጠው ግን እናቴ ናት የደነገጠችው። "ይቺ እኔ ነኝ? እንዲህ ነው እንዴ ድምፄ?" አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲሰማት ኖሮ ማንም ያልነገራት ይመስል። የፍየል ድምፅ ነው አለች፤ ጥቂት ቀን ዝግ ብላ ለመናገር ሞከረች፤ አልሆነላትም ተወችው። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንድሜን ጠጋ ትልና፣ እስኪ ያን እኔ ያለሁበትን ክፈትልኝ ትለዋለች። እንግዳውም በማይገባው ቋንቋ የሚዘፍን ሰውዬ እስከ ሁለተኛው አዝማች በትዕግሥት ያዳምጣል፤ እሷ ስትመጣ ሁለቱም ይስቃሉ፤ ወዲያው ቴፑ ይዘጋል። የዘፈኑ ቁም ነገር ለእሷ እሱ ነበር።

ቢቸና ውስጥ ያንን ዘፈን የያዘ ካሴት ከእኛ በቀር አልነበረም። የአዲሱ ጓደኞች ከእኛ ቀዱ፤ ሌሎቹ ከእነሱ ቀዱ፤ እናቴም እየተቀዳች ከተማውን አዳረሰችው። በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች ቀን ተማሪዎች መድረክ ላይ ወጥተው ያንን ዘፈን ዘፈኑት፤ እንግሊዝኛውን እንደ ምንም እየገፉ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርሱ፣ መድረኩም አዳራሹም ባንድ አፍ፣ ኧረ ዝም በይ ሴትዮ፣ ልጄ እየቀዳ ነው፣ ብሎ ደነፋ። ዘፈኑ እንዲያ ነዋ የሚያውቁት። ወንድሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እናቴ ከወላጆች ጋር ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ደም ከፊቷ ሲሸሽ አየሁ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ዞር ብላ አየችውና፣ ምን ታድርግ፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ርዕሰ መምህሩ የእንግሊዝኛው ትርጉም መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም፣ አጥብቀው አጨበጨቡ።

አዲሱ ያን ቀን ማለ። ከእንግዲህ የዘፈኖቼን ሁሉ ንጹሕ ቅጂ ሳላገኝ እንቅልፍ የለኝም አለ። የፎከረ ሁሉ አይፈጽምም፤ እሱ ግን ፈጸመ። ደብረ ማርቆስ ለሥራ ሲሄድ አንድ፣ ባሕር ዳር ሲሄድ አንድ፣ መጀመሪያ በካሴት፣ በኋላ በሲዲ፣ በመጨረሻም በኢንተርኔት እያደነ ሁሉንም ሰበሰባቸው። እኔ በዚህ መሐል ነርስነት ተምሬ፣ ቢቸና ተድሬ፣ ሞጣ ተመደብኩ። እናቴ ደህና አመሸች ተብሎ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ገበያችን ላይ እንደ ድንች ተከምሮ የተሸጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ በባጃጁ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አውቶቡስ ይዤ ቢቸና ገባሁ። መንገዱን ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደማስቀምጠው ሳስብ ነበር፤ ለልጆቼ በየስልካቸው እልክላቸዋለሁ፣ አያታቸው እንዲህ ነበረች እላቸዋለሁ፤ እናና ሳቋን ስትይዝ የሚወጣትን ያንን ትንሽ ድምፅ ለብቻው አስቆርጬ እሰማዋለሁ። ወንድሜ ዛሬ ሽበታም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚያ ዘፈን ስነግረው ፊቱ በራ፤ ላፕቶፑን እያወጣ፣ "ንጹሁ አለኝ፣ ለአንቺ ያልሰጠሁት ነገር አለ እንዴ" አለኝ።

"ንጹሁን አይደለም ወንድምአለም። እናና ያለችበትን ነው።"

ላፕቶፑን መልሶ ዘጋው። ከዚያ ነገረኝ። አባባ ቆላ ላይ የሚያሳርሷት ማሽላ በወፍ ታልቃለች፤ ያገሬው ገበሬ ደግሞ የአሮጌ ካሴት ክር እየመዘዘ ማሳው ላይ ከእንጨት እንጨት ይዘረጋል፤ ንፋስ ሲነካው እየጮኸ፣ በፀሐይ እያብለጨለጨ ወፉን ያባርራል። ይሄ ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። አዲሱም ንጹሕ ቅጂ ያገኘላቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ ለአባባ ሲወስድላቸው ኖሯል። "መጀመሪያ የዘረጋሁት እሱን ነው" አለኝ፤ ንጹሁን ከሁሉ አስቀድሞ ያገኘው የዚያን ዘፈን ስለሆነ። እናቴ ሙሉ መኸር ማሽላ ጠበቀች ማለት ነው፤ ከዚያም ብን ብላ ጠፋች። እንዴት ይሄን ታደርጋለህ ብዬ ልጮህበት ተነስቼ ነበር፤ የእሱን ፊት ሳይ ተቀመጥኩ። ከእኔ ብሶ ደንግጧል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱም አላሰበውም።

"የእናና ወሬ የሚያልቅ ነገር አይመስለኝም ነበራ" አለ።

ቀኑን ሙሉ የድሮ ጓደኞቹ ጋ ደወለ። የተረፈ ካሴት ያለው አልተገኘም፤ ሁሉም ግን ነገሩን ገና ሲሰሙ እየሳቁ ያችን የእናቴን ቃል በስልክ ይጮኹልናል። ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ፣ የሰከረ ድምፅ። ቃሉ እንዳለ አለ፤ የእሷ የሆነው ግን አንዳቸውም ጋ የለም። እኔ ራሴ ቃሏን እንደ እሷ ልላት ሞከርኩ፤ ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ።

የሰርጌን ቪዲዮ ያስታወሰችን የአዲሱ ሚስት ናት። እንዴት እንደረሳነው አላውቅም፤ ከድሮው የቪዲዮ ካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። ከፈትነው። ድንኳኑ መጣ፣ ሚዜዎቹ መጡ፣ አባባ መረቁ፤ ከዚያ እናና መጣች። ሁለት ትከሻዬን ይዛ፣ አፏን ጆሮዬ ሥር አድርጋ ታወራለች፤ ጣቷን ቀስራ ታስጠነቅቃለች፣ ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እንደገና ታወራለች፤ ረጅም ነው፣ ካሜራው እስኪሰለቸው ድረስ ነው። ድምፅዋ ግን የለም። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ሰዎች የሰርጉን ጫጫታ አውጥተው በላዩ ላይ ዘፈን ይጭኑበታል፤ ያች ድምፅዋን ወደ ላይ የምትሰቅለው ፈረንጅ ሴትዮ በእናቴ አፍ ላይ ትዘፍናለች። ጥርት ያለ ቅጂ ነው፤ ለቪዲዮ ሰውዬው መርጦ የሰጠው ወንድሜ ነው።

ደግመን አየነው፤ ከንፈሯን ለማንበብ ሞከርን። ልጄ የምትል ትመስላለች አንድ ቦታ ላይ፤ ያም ላይሆን ይችላል። እነዚያን ዘፈኖች ሁሉ ዛሬ በአንድ ጣት ነክቼ አገኛቸዋለሁ፤ እኔ ብሞት፣ ቢቸና ብትጠፋ እነሱ አይጠፉም፤ የጠፋችው እነሱን ለማዳን ዝም እንድትል የለመንናት እናና ናት። አዲሱ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ምን እያለችሽ ነው?" አለኝ።

ጆሮዬ ሥር ሆና ነው የምትናገረው፤ ለእኔ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። አንድም ቃል አላስታውስም። አላውቅም አልኩት። ወንድሜ ሪሞቱን አነሳና ዘፈኑን ቀነሰው፤ ሥሩ የሆነ ነገር የሚሰማ ይመስል ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግቶ ቀነሰው፣ ቀነሰው፣ እስከ መጨረሻው አጠፋው። ቤቱ ጭር አለ። እናቴ ማውራቷን አላቆመችም።