ከሰዓት የሚታወር ዓይን

እውነተኛ ስሟን የሚጠራት እናቷ ብቻ ናት፤ ለሌላው ሰው ሁሉ «ሚሊ» ናት። ስሙ የወጣላት አንደኛ ዓመት ሳለች ነው። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ የብረት ክዳን አልገጥም ብሎ ተማሪው ሁሉ በመዶሻ ሲታገለው፣ እሷ ከኋላ አንገቷን አስግጋ «ሁለት ሚሊሜትር ነው የተረፈው፤ ብትደበድቡትም አይገባም» አለች። ሲለኩት እውነትም ሁለት ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሚሊ ሆና ቀረች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። በአንዲት ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። «ይቺ ልጅ ካልለካች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ባሏንም በሜትር ነው የምትመርጠው» እያለች ለደንበኞቿ ታወራለች። ሚሊ ትስቃለች። ልኬት ግን ለእሷ ቀልድ አልነበረም። በሰዎች ፊት መናገር የሚያስጨንቃት ልጅ ስለነበረች፣ ቁጥር በእጇ ሲኖር ብቻ ነው አፏን የምትከፍተው።

ኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ከፋብሪካዎች ጋር ያጣምራል። ፋብሪካው ያስቸገረውን ነገር ይናገራል፣ ተማሪዎቹ መፍትሔ ይሠራሉ። ለሚሊና ለሁለት ጓደኞቿ የካርቶን ፋብሪካ ደረሳቸው። አንደኛው ጓደኛዋ የብየዳ ብረት ከእጁ ስለማይለይ «ብየዳ» ይባላል። ሁለተኛው ዕቃ ሲሠራ ብዙ አይታይም፤ ስለተሠራው ዕቃ ሲናገር ግን የሚስተካከለው የለም። እሱን «አፈ ጉባኤ» ይሉታል።

የፋብሪካው ችግር መቁረጫው ማሽን ነበር። ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ስለት ያለው ከባድ ብረት ይወርድበታል። ብረቱ የሚወርደው ሠራተኛው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቁልፎች በሁለት እጁ አንድ ላይ ሲጫን ብቻ ነው። ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ከሆኑ ስለቱ ሥር እጅ የለም ማለት ነው። ደህና ዘዴ ነው፤ ግን ያዘገያል። ሥራ አስኪያጁ የፈለጉት ቁልፎቹ ተነስተው ማሽኑ በእግር እየተረገጠ እንዲሠራ፣ እጅን የሚጠብቅ ደግሞ ሌላ ነገር እንዲኖር ነበር። ተማሪዎቹ ያንን ሠሩ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ብርሃን ይሄዳል፣ ማዶ ያለው ተቀባይ ያየዋል። እጅ ገብቶ ብርሃኑን ሲያቋርጥ ብረቱ ባለበት ቀጥ ይላል። ስሙን «ዓይኑ» አሉት።

ማሽኑን የሚያሠሩት ሽማግሌ ጋሽ ስምንቴ ነበሩ። የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች የወሰደው ይኸው ማሽን ነው፤ ቁልፎቹ የተገጠሙትም ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ለራሳቸው ያወጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «ሰው ከኋላዬ ከሚያወጣልኝ እኔው ልቅደም ብዬ ነው» ይላሉ። ጓንት ሲታደላቸው ደግሞ «ሁለት ጣት ትርፍ አላት፣ ለቸገረው ስጡልኝ» ብለው ክፍሉን ያስቁታል። ተማሪዎቹን ወደዷቸው። ሥራው በፈጀው አራት ወር አንድም ጠዋት ሳይቀሩ አጠገባቸው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ ጭነት ስለሚበዛ ተማሪዎቹ ፋብሪካው ውስጥ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር። ሺህ ጊዜ ሞከሩት፤ ሺህ ጊዜም ዓይኑ አየ።

ርክክቡ ዓርብ ሊሆን፣ ረቡዕ ከሰዓት ሚሊ የረሳችውን መለኪያ ልትወስድ ብቻዋን ተመለሰች። ሠራተኞቹ ሻይ ሊጠጡ ወጥተዋል። በምዕራብ በኩል ካለው የፕላስቲክ ጣሪያ የገባች ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ማሽኑ ላይ ወጥታ፣ ልክ ተቀባዩ ላይ አርፋለች። ሚሊ ዓይኗ ነገሩን ከልቧ ቀድሞ አየው። የእንጨት ማስመሪያዋን አወጣችና ብርሃኑ መሃል አስገባች። ብርሃኑ ሲቋረጥ ቀይ መሆን የነበረበት የዓይኑ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ።

ደገመችው። ቀይ ሆነ። እንደገና ደገመችው። አረንጓዴ።

አርባ ጊዜ ሞከረች። አሥራ አንድ ጊዜ ዓይኑ አላየም። ፀሐይዋ ራሷ ብርሃን ስለሆነች ተቀባዩ ምንም ያልተቋረጠ ይመስለዋል።  ሚሊ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጣ «ከአርባ አሥራ አንድ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ለጓደኞቿ ስትነግራቸው ብየዳ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አፈ ጉባኤ ግን አልደነገጠም።

«ርክክቡ ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«ፀሐይዋ የምትገባው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፤ ከሰዓት።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ማሽኑ በዓይኑ መሥራት የሚጀምረው ሰኞ ነው። ቅዳሜና እሁድ ገብተን እናስተካክለዋለን። አሁን አፋችንን ከከፈትን ግን የአራት ወር ድካማችን ውሃ በላው። ፋብሪካው ለሦስታችንም ሥራ ሊሰጠን እኮ ነው!»

ሚሊ ብየዳን አየችው። ብየዳ መሬት መሬት አየ። እናቷ ዓይኗ እየደከመ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እያቃታት እንደሆነ ትዝ አላት። ሰኞ ሩቅ ነው አለች በልቧ፤ እስከዚያ ማንም አይነካውም። «እሺ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ርክክቡ አማረ። አፈ ጉባኤ ምላሱ ማር ሆነ። አማካሪ መምህራቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «በሁሉም ሁኔታ ሞክራችሁታል?» ብለው ጠየቁ። «ሺህ ጊዜ፣ መምህር!» አለ አፈ ጉባኤ። ሐሰት አልነበረም። ሚሊ የጫማዋን ክር ስታይ ቆየች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት ጋሽ ስምንቴ ነበሩ፣ በስምንት ጣታቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ ኮሌጁ ደረጃ ላይ መምህሩን አገኘቻቸው። ደስ ብሏቸዋል።

«ሥራ አስኪያጁ እኮ አላስችል አላቸው! ሰኞን አልጠብቅም ብለው ቁልፎቹን አስነሱ። ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ በዓይኑ ነው የሚሠሩት።»

ሚሊ እጃቸውን ያዘች። «መምህር፣ ዓይኑ ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት አያይም።»

«ምን?»

«አያይም! እናውቅ ነበር። ይደውሉላቸው፣ እባክዎ!»

መልሳቸውን አልጠበቀችም። መምህሩ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «አያነሱም… አያነሱም» ሲሉ እሷ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳለች።

ታክሲው እንደ ኤሊ ተጎተተ። በመስኮቱ ሰማዩን አየች፤ ደመና ነበረ፣ ግን ስስ ነው። የፋብሪካው ስልክ ይጠራል፣ ማሽን በሚጮህበት ቤት ማን ይሰማዋል? አንድ ማዞሪያ ሲቀራት መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ታክሲው ቆመ። ወርዳ ሮጠች። ዘበኛው «መታወቂያ!» ሲል ቦርሳዋን ወርውራለት አለፈች።

ማሽኑ እየሠራ ነበር። ጋሽ ስምንቴ በቀኝ እግራቸው እየረገጡ፣ ካርቶን እያስገቡ፣ እያወጡ፣ ፊታቸው እየበራ። ወለሉ ላይ የተዘረጋችው ፀሐይ ማሽኑ ጋ ልትደርስ አንድ ስንዝር ቀርቷታል። ሚሊ ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ በሙሉ መዳፏ መታችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው ወጡ።

«ማን ነው ያቆመው?»

«እኔ ነኝ። ዓይኑ ጉድለት አለበት። ፀሐይ ሲያርፍበት እጅ አያይም።»

«ጠዋት አልነበርሽም እንዴ? በዓይናችን አየን እኮ!»

«አሁን ላሳይዎ።»

ሰዉ ሁሉ ተሰበሰበ። ሚሊ ጋሽ ስምንቴን ከማሽኑ አራቀቻቸው። ማስመሪያዋን ረጅም የካርቶን ዘንግ ጫፍ ላይ አሰረች፤ ማቆሚያውን ፈትታ መርገጫውን ረገጠች፣ ማስመሪያውን አስገባች። ብረቱ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ዓይኑ አየ።

ቀና አለች። ፀሐይዋ የለችም። ደመና ሸፍኗታል።

ደገመች። ብረቱ ቆመ። ሦስተኛም ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። «ልጄ፣ ጭነት መኪናው በር ላይ ነው። ሰው ሥራ አታስፈቺ።»

«አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«በቃ አልኩሽ እኮ።»

«አምስት ደቂቃ! ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ያባሩኝ።»

በሕይወቷ ውስጥ በአለቃ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ራሷም ደነገጠች። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አንድ ደቂቃ። ሁለት።  የጣሪያው ፕላስቲክ እንደ ወተት ነጥቶ ቆይቶ፣ ቢጫ እየሆነ መጣ። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተመልሳ ወጣች፣ የማሽኑን እግር ነካች፣ ወደ ላይ ተሳበች፣ ተቀባዩ ላይ አረፈች።

ሚሊ ማስመሪያውን አስገብታ ረገጠች።

ብረቱ አልቆመም። ጧ! አለ። ግማሹ ማስመሪያ ወለሉ ላይ ተሽከርክሮ የሥራ አስኪያጁ ጫማ ሥር ሄዶ ቆመ።

 ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው እንጨቱን አነሱ፣ የተቆረጠበትን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኤሌክትሪሻኑን ጥሩልኝ። ቁልፎቹ ይመለሱ» አሉ።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ስምንቴ ቀረቧት። የምታውቀው ሳቃቸው የለም።

«ጠዋትም ታውቂ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ፣ ጋሼ። ከረቡዕ ጀምሮ።»

«እኔ ሳጨበጭብ።»

«አዎ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ። ከኋላቸው ልትሄድ እግሯን አነሳች፤ ግን ምን ልትላቸው? ቆመች።

ጉዳዩ ኮሌጅ ደረሰ። ሦስቱም ከጓደኞቻቸው ጋር ሳይመረቁ ቀሩ፤ ፕሮጀክቱን እንደገና እንዲሠሩ ተወሰነ። ፋብሪካውም ሥራ እሰጣለሁ ያለውን ተወው። አፈ ጉባኤ ለሁለት ወር አላናገራትም። ሲያናግራትም «ልክ ነበርሽ፤ ግን አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አላት። ብየዳ ግን በማግስቱ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ዓይኑን ከሥሩ ለወጡት። አሁን ብርሃኑ በፍጥነት እየጠፋ ይበራል፤ ተቀባዩ ደግሞ ያንን ብልጭታ ብቻ ነው የሚያምነው፣ ብልጭታው ካልደረሰው ማሽኑን ያቆማል። የማትበለጨለጭ ፀሐይ ከእንግዲህ አታታልለውም። በላዩም ፀሐይ እንዳታርፍበት የብረት መከለያ ሠሩለት። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ፈቀዱላቸው፤ ሚሊ በየሰዓቱ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ሞከረችው።

ጋሽ ስምንቴ ቁልፎቹን እየተጫኑ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ሰላምታዋን ይመልሳሉ፣ ከዚያ አያልፉም። የመጨረሻው ቀን የርክክብ ቅጹ ማሽኑን የሚያሠራውን ሰው ፊርማ ስለሚጠይቅ ወሰደችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይሄ መከለያ ለምን እንደተደረገ የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። አሁን ችግር የለበትም እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ ጡረታ እወጣለሁ። ነገ አንዱ ሰነፍ ይመጣና መከለያው እጄን ያዘኝ ብሎ ይነቅለዋል። ማን ይነግረዋል?» ቅጹን መለሱላት። «ጻፊው። በትልቁ። ያኔ እፈርማለሁ።»

ሚሊ ጻፈች፦ «ይህ መከለያ እንዳይነሳ። ዓይኑ በፊት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት እጅ አያይም ነበር፤ ከአርባ ሙከራ አሥራ አንዱን ስቷል።» ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍና ማሽኑ ላይ ለጠፈችው። ጋሽ ስምንቴ ፊደል በፊደል አነበቡ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ።

ዛሬ ሚሊ በየፋብሪካው እየዞረች ማሽን የምትፈትሽ ሴት ሆናለች፤ እናቷም መርፌውን አስቀምጣለች። ሽማግሌውን በዓመት አንዴ ሁለቴ ትጠይቃቸዋለች። ስለ ልጅ ልጆቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይጫወታሉ። ስለዚያች ዓርብ ጠዋት ግን አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።