የአክስቴ ስንዝር

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ከአንድ የስፌት መኪና ጋር ስትነታረክ ኖራለች። ብሎግ ከጀመረች ግን ገና አራት ዓመቷ ነው። ያስጀመርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው።

በየሰኞው ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣባት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታደርግና ያረጀ ኮት እንዴት እንደሚታደስ፣ የጠበበ ቀሚስ በምን ብልሃት እንደሚለቀቅ ትጽፋለች። በሜትር መለካት አትወድም። አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለችው ለወጉ ነው። ጽሑፏም ላይ “ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት” ብላ እርፍ ነው። አንባቢዎቿ ከታች “የማን ስንዝር?” ብለው ይጠይቋታል፤ ሲከራከሩ፣ ሲቀላለዱ ይቆዩና ልኩን ራሳቸው ያወጡታል።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ “ብሎግ ሞቷል፤ አሁን ሰው ቪዲዮ ነው የሚያየው። የአሮጊት ወሬ ማን ያነባል?” ብሎ ጻፈ። ብሎግ መሞቱ ብዙም አልገረማትም። አሮጊት መባሉ ግን አንጀቷን አቆሰለው።

“ይሄን አስተያየት የሚሰጡበትን ቦታ ዝጋልኝ” አለችኝ። “መጻፉን አልተውም። መሰደቡን ነው የምተወው።”

እኔም ሞኙ ዘጋሁት።

ሁለት ወር ብቻዋን ጻፈች። ከዚያ አንድ ቀን እኔም ባለሁበት አንዲት ሴት ፌስታል ይዛ አክስቴ ሱቅ ገባች። ፌስታሉ ውስጥ የሟች አባቷ ኮት ነበር። አክስቴ የጻፈችውን አንብባ፣ ለራሷ እንዲሆናት ቆርጣዋለች። ለብሳ ስታሳየን እጅጌው ከእጅ አንጓዋ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ።

“እትዬ፣ የእጅጌው ርዝመት ሦስት ስንዝር ብለው ነበር። ሦስት ስንዝር አስቀርቼ ነው የቆረጥኩት።”

አክስቴ መዳፏን ከሴትዮዋ መዳፍ ጋር ገጠመች። የአክስቴ እጅ አካፋ ነው፤ የሴትዮዋ ጣቶች ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ።

“ቁርጥራጩን ጥለሽው እንዳይሆን፣ ልጄ?”

“ጥዬዋለሁ። ከመቁረጤ በፊት ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር። መጠየቂያ ቦታ አጣሁ።”

ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን አክስቴ መልስ አታጣም ነበር። ሴትዮዋ ኮቱን ትታልን ከሄደች በኋላ አክስቴ መኪናዋን ሸፈነችና “ብሎጉን ጠቅላላ አጥፋው” አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችኝ።

“አጠፋዋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ይሄ ኮት መላ ይፈለግለት” አልኳት። “አንባቢዎች አሉሽ አይደል? ጠይቂያቸው።”

ስታንገራግር ቆይታ ጻፈች። “የሰው አባት ኮት አበላሽቻለሁ። ትርፍ ጨርቅ የለም። ምን ይሻላል?” እኔ ደግሞ የዘጋሁትን ከፈትኩ።

በማግስቱ እስከ ምሳ ሰዓት አርባ አንድ ሰው መለሰ። የሚያጽናናት አለ፣ የስንዝሩን ልክ ልኮ የሚያሾፍባት አለ። አንዱ ግን “ኮቱ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጨርቅ አለው። እሱን አውጥተሽ በገበር ተኪው፤ የወጣው ጨርቅ እጅጌውን ያስረዝምልሻል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ” ብሎ ጻፈ። ስሙን ሳይ ደነገጥኩ። ያ “ብሎግ ሞቷል” ያለው ሰውዬ ነው።

“ሞቷል ካለ በኋላ እዚህ ምን ይሠራል?” አለች አክስቴ። ሳቋን ግን መደበቅ አልቻለችም።

ለእሱ የጻፈችው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ “አመሰግናለሁ፤ አሮጊቷ።”

ቅዳሜ ሴትዮዋ መጥታ ኮቱን ለበሰች። እጅጌው አንጓዋ ላይ ደረሰ። እጆቿን ኪሱ ውስጥ ከታ ብዙ ቆየች፤ እኛም አላጣደፍናትም።

ብሎግ ወደፊት ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም። አክስቴ ግን እየጻፈች ነው። አሁን እያንዳንዱ ጽሑፏ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፤ “የእኔ ስንዝር ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። የእናንተስ?”