ማንንም ያልገደለው ካውቦይ

ሐረር ላይ ከማስተምርበት ክፍል፣ ጠመኔው ከእጄ ሳይወርድ ወሰዱኝ። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንት ባልዲው ነው። ከበሩ እስከ ግድግዳው ሰው በጎኑ ተደርድሯል።

ሕጉን የነገረኝ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ ነው። አዲስ ገቢ ፊልም ይተርካል። ከጣመ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፤ ካልጣመ ባልዲው ሥር። ባልዲው ሥር አንድ የፈላና በር ሰፈር ሽማግሌ ነበሩ፣ የጭነት መኪና ሾፌር። ፊልም አይተው ስለማያውቁ እዚያው ቀርተዋል። ውስጥ እግራቸው ተገርፎ አብጧል።

እኔ ሞኙ የምወደውን መረጥኩ። ቪዲዮ ቤት አራት ሆነን ጀምረነው ብቻዬን የጨረስኩት የካውቦይ ፊልም ነው። ሰው ለምን እንደናቀው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ካውቦዩ አርጅቷል። ፈረሱ ላይ ለመውጣት ድንጋይ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ ይሉታል። አጥር ሲጠግን ይውላል፤ ሽጉጥ የለውም። የከብት ጠባቂ ኑሮ እንዲህ መሆን አለበት ብዬ ያመንኩት በእሱ ነው።

ሽማግሌው በክርናቸው እየተሳቡ ተጠጉ። “ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ” አሉ።

ካቦው አዛጋ። “መምህር፣ ስንት ሰው ገደለ?”

“ማንንም።”

“እንግዲያው ባልዲው ይጠብቅሃል።”

ሁሉም ሳቁ። ፈራሁ። አፌ እንዳመጣልኝ ሽጉጥ አስታጠቅኩት፤ ሰባት ሰው አስገደልኩት። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ምንጣፉም ተሰጠኝ።

“ልጄ፣ ሰውዬውን አበላሸኸው” አሉ ሽማግሌው። “እውነተኛው መጨረሻው እንዴት ነው?”

ነገ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ካቦው ሲያየኝ ነበር፤ ለምንጣፌ ሳሳሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው ጠራቸው። መቆም ሲያቅታቸው በኮሌታቸው ጎትቶ አወጣቸው። ጫማቸው ቀረ። ካቦው ለካው፤ ልኩ ስለሆነ አላወለቀውም።

እስከ ማታ ጠበቅኳቸው፤ አልመጡም። ተነሳሁና ትናንት ዋሽቻችኋለሁ አልኩ። እውነተኛው መጨረሻ ላይ የከብቶቹ ጌታ ካውቦዩን አሰናበተው፤ እሱም ኮርቻውን አወረደ፣ የፈረሱን ላብ በጆንያ ጠረገ፣ ልጓሙን ለተተኪው ሰጥቶ በእግሩ ሄደ። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። ማንም አላጨበጨበም። ካቦው በአገጩ ባልዲውን አሳየኝ፤ ሄጄ ተኛሁ።

ከተፈታሁ ዓመታት አለፉ። ያን ፊልም ላገኘሁት ሁሉ እተርካለሁ፣ አንድ ጥይት ሳልጨምር። በፈላና በር ሳልፍ ግን አንገቴን እደፋለሁ። መጨረሻውን ለእሳቸው ለመንገር የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነበር።