ሳትጽፉ አትናገሩ

ቦንጋ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ተክሌ ጠርዙ የተበላ ደብተር ሰጡኝ። «ኖቱ ይኸ ነው። ሁሉም ሴክሽን በየሳምንቱ እኩል ይገለብጣል። ከራስሽ አትጨምሪ» አሉኝ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ወገቤ ከማይደርሱ ልጆች ጋር ፊደል ስለቆጠርኩ ደብተር አከብራለሁ። ቤቴ ወስጄ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

ለተውሳከ ግሥ የተሰጠው ሁለት ገጽ ነበር። ሦስት ረድፍ ቃላት፣ ከሥራቸው ደግሞ በቀይ የተከበበ አንድ መስመር፤ ተውሳከ ግሥ ግሥን ይገልጻል። አለቀ። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ግን «ሁለት ሰው ብቻ»፣ «ሕፃኑ እንኳ»፣ «መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል» እያለ ነው። በእንግሊዝኛም እንደዚያው ነው። እነዚህ ቃላት የሚጠጉት የስም ሐረግን ነው። ኖቱ ይህን ጨርሶ አያውቅም።

ለጋሽ ተክሌ ነገርኳቸው።

«ይህ ኖት ስንት ዓመት እንዳገለገለ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«እኔ የምለው ልጆቹ ይናገሩበታል ወይ ነው።»

«ፈተናው ላይ መናገር የለም» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። እውነታቸውን ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው።

ኖቱን አስገልብጬ በምትተርፈኝ ሩብ ሰዓት የራሴን ማስተማር ጀመርኩ። እኛ «ብቻ» እና «እንኳ»ን ከስሙ ኋላ እናስከትላለን፤ «ቀይ ፍሬ ብቻ»፣ «ንቦቹ እንኳ»። እንግሊዝኛ ከፊት ያስቀድማቸዋል፤ «ኦንሊ ሬድ ቼሪስ»፣ «ኢቭን ዘ ቢስ»። «ኳይት»ማ ጭራሽ «ኤ»ን ቀድማ ትቆማለች፤ «ኳይት ኤ ሎንግ ዌይ»፣ በጣም ሩቅ መንገድ እንደማለት። ልጆቹ በአፍ መፍቻቸው በካፊኖኖ አስበው፣ በአማርኛ አዙረው እንግሊዝኛው ላይ ሲደርሱ ቃሏን እጃቸው በዛለበት ቦታ ይጥሏታል። «ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል» ሊል «ኦልሞስት»ን ከኋላ ጥሎ «ኦል ፒፕል ኦልሞስት» ይለኛል አንዱ፣ ደረቱን ነፍቶ። እኔ ደግሞ ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልበትም። በቀን አርባ ጊዜ መንገብገብ ሰለቸኝ።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ሳትጽፉ አትናገሩ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፋል። የስም ሐረጉ ይሰመርበታል። ተውሳከ ግሡ ይከበብና ከክቡ ወደ መስመሩ ቀስት ይሳባል። ቀስቱ ልክ ከሆነ አፍ ይከፈታል።

ደብተሮቻቸው አማሩ። ለጉብኝት የመጣ ሱፐርቫይዘር አገላብጦ አይቶ «ይኼማ ሞዴል ክፍል ነው» አለ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ ጸጥታውን ወደድኩት።

ከሁሉም ቀስቷ የማይስተው አልማዝ የምትባል የማንኪራ መንደር ልጅ ነበረች። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣችም። የመንደሯ ማኅበር የጫካ ቡና ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች አንድ አስጎብኚ ሊቀጥር እንደሆነ ሰምታ ቤቴ መጣች።

«ይኼ ካልሆነ ቢታ ገነት ከተማ አክስቴ ሱቅ ልገባ ነው» አለችኝ። «እዚያ ከገባሁ አልወጣም፣ ቲቸር።»

አንድ ሳምንት አዘጋጀኋት። አመልካቾቹ እንግዶች እያስጎበኙ በሚፈተኑበት ቀንም አብሬያት ጫካ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የኔን ሥራ ሰው ሲሰማልኝ ማየት ፈልጌ ነበር።

አመልካቾቹ ሁለት ነበሩ፤ አልማዝና አንድ የሰፈሯ ጎረምሳ። እንግዶቹም ሁለት፣ ባልና ሚስት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ገብሬ ከኋላ ይከተላሉ። አልማዝ የተዘጋጀችበትን ስትናገር አንድ ቃል አልተዛነፈባትም። አንገቴን ቀና አደረግኩ።

ከዚያ ሴትዮዋ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ አሳይታ፣ ማንም ነው ወይ ማር የሚቆርጠው ብላ ጠየቀች።

«ዋን ሚኒት ፕሊስ» አለች አልማዝ። ደብተሯን አወጣች። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጠች። ጻፈች። አሰመረች። ከበበች። ቀስቱን ሳበች። ቀና ብላ «ኦንሊ ዘ ኦውነር»፣ ባለቤቱ ብቻ፣ ስትል ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ዛፍ አልፋለች።

እዚያም ሌላ ጥያቄ መጣ። አልማዝ እንደገና ተቀመጠች። በሦስተኛው ዝናብ ጀመረ፤ ደብተሩን በነጠላዋ ከልላ ቀጠለች።

ጋሽ ገብሬ ጠጋ አሉኝ። «እትዬ፣ ይህች ልጅ የምትጽፈው ክስ ነው?»

«ትክክለኛውን እየፈለገች ነው።»

«እስክታገኘው እንግዶቹ ቦንጋ ይገባሉ።»

ተራው የጎረምሳው ሆነ። «ሃኒ! ኦል ፒፕል ኦልሞስት ላይክ!» ብሎ ጣቱን ላሰ። እንግዶቹ ሳቁ፤ ጠየቁት፤ መለሰ፤ ተከተሉት። አንዲትም ቃል ቦታዋን አልያዘችም። ጥርሴን ነክሼ ስሰማ፣ ያልገባቸው ነገር እንደሌለ ግን አየሁ።

የተቀጠረው እሱ ነው። ጋሽ ገብሬን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው።

«የልጅቷ እንግሊዝኛ ከእሱ በጣም ይሻላል» አልኳቸው።

«ይሻላል እትዬ። ግን ማን ሰማው?»

ወደ ቦንጋ ስመለስ አልማዝ ልትሸኘኝ አብራኝ ወጣች። ኋላ የረጠበውን ደብተር ገልጣ አሳየችኝ።

«ቲቸር፣ ቀስቱ ልክ አይደለም?»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ያጠፋሽው የኔን ቃል ማክበርሽ ነው ማለት ነበረብኝ። «ዝናቡ ሳይብስ እንሂድ» አልኳት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከጋሽ ተክሌም፣ ከኖቱም ይልቅ ይኸ መልሴ ነው። በሳምንቱ ቢታ ገነት ገባች። እዚያ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ባትሪ የሚጠይቅ እንጂ በእንግሊዝኛ የሚጠይቅ የለም።

ሰኞ ዕለት ክፍል ገብቼ ደብተር አስዘጋሁ። «ትናንት ቤታችሁ ማን ነበር?» አልኩ በእንግሊዝኛ። ሁሉም እስክሪብቶ ፈለገ። አፋቸውን ለማስከፈት አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ፤ የተከፈተ ዕለትም ጆሮዬ የሰማውን ስህተት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ክፍሉን ለተረከባችሁ መምህራን የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ይናገሩ። ቀጥሎ የተናገሩት ይጻፍ። ቀስቱ መጨረሻ ይምጣ።